ፖሊ ወይስ ቂሊንጦ

ባህር ዳር አባይ ማዶ ያለው ቤታችን ሰሞኑን በአንድ ወሬ ነው የከረመው። ሚጡ (ታናሽ እህቴ ናት፣ 18 ሞልቷትም ሚጡ ነው የምንላት) የ12ኛ ክፍል ውጤቷ አሪፍ መጣላት፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎቹን መግቢያ ፈተናም ተፈትና አለፈች፣ ከዛ በቃ ጭቅጭቅ ተጀመረ። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ትግባ ወይስ እዚሁ ፖሊ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ)? ማታ ማታ ቡና ሲፈላ አቦሉ ላይ ሰላም ነን፣ ቶናው ላይ አባዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በረካው ላይ ማንም ማንንም አይሰማም።

መቼም መርጦ መጨቃጨቅ ራሱ ቅንጦት መሆኑን አልረሳሁትም። ሚጡ 9ኛ ክፍል እያለች የ2014ቱ ማትሪክ ውጤት ሲወጣ ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ ያን ቀን ሰፈራችን ልቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው።

የእማዬ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። የአዲሳባው ዩኒቨርሲቲ ያለው ቂሊንጦ ነው፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ በኩል፣ እሷ ግን ቂሊንጦ ሲባል ትዝ የሚላት በዜና የሰማችው እስር ቤት ነው። ጎረቤት "ልጅቷ የት ደረሳት?" ሲላት "አዲሳባ ነገር ነው" ብላ ታልፋለች። አንድ ቀን ሚጡ ራሷ ለአንዲት ጎረቤታችን "ቂሊንጦ ልገባ ነው" ብትላቸው "ውይ! ምን አድርገሽ ልጄ?" አሏት፣ እውነቴን ነው።

አባዬ የፖሊ ልጅ ነው። የድሮው ፖሊ፣ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ ሶቭየት ህብረት ከጃንሆይ መንግስት ጋር ተስማምታ እንደ ፈረንጅ በ1963 የተከፈተው። እሱ የገባው በደርግ ጊዜ ነው፣ ብረታ ብረት ነው የተማረው፣ ራሺያኖች አስተምረውታል፣ እስከዛሬ ነገር ሲጥመው "ሀራሾ" ይላል። በ1992 ፖሊና ፔዳ (የመምህራን ኮሌጁ) ተጣምረው ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ መባላቸውን ራሱ ገና አልተቀበለውም፣ "ከአስተማሪዎች ጋር ደባለቁን" ይላል። ክርክሩ ሲጦፍ ደግሞ ዝም ብሎ ተነስቶ ከመሳቢያው የራሺያ ፊደል የተጻፈባትን የብረት መለኪያ ካሊፐሩን ያመጣና ረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጣታል። ሌላ ምንም አይናገርም። በሱ ቤት ክርክሩ አለቀ።

እኔ የቤቱ ኤክስፐርት ነኝ፣ ነበርኩ ማለት ይሻላል መሰለኝ። ከፖሊ በኤሌክትሪካል ነው የተመረቅኩት፣ የ2008 ተፈታኝ ነኝ፣ ያቺ ፈተናው አፈትልኮ ወጥቶ ተሰርዞ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደገና የተፈተንባት ዓመት። የኔም ምርጫ ያኔ አምስት ኪሎ (የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ) ወይስ ፖሊ ነበር፣ ፎርሙን የሞላሁት ግን አባዬ ጎኔ ቆሞ መነጽሩን እያስተካከለ ስለሆነ መረጥኩ ለማለት ይከብደኛል።

እና አንድ ማታ ደብተር አወጣሁ፣ መሀሉን አሰመርኩት፣ በአንድ በኩል ቂሊንጦ በሌላው ፖሊ፣ ሚጡን አጠገቤ አስቀምጬ ሌክቸር ጀመርኩ። ሰው ሁሉ የሚለው የትኛው ስም አለው ነው፣ እኔ ግን እኛ ሀገር ኢንጂነሪንግ ገባሁ ማለት ገና ምንም ገባሁ ማለት አይደለም ነው የምለው፣ ምክንያቱም አምስት ዓመት ነው፣ መጀመሪያ ፍሬሽማን ሆነሽ ሳይኮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም ሎጂኩንም ከሁሉም ጋር ትማሪያለሽ፣ ዲፓርትመንት የምትሞዪው ከዛ በኋላ ነው፣ እሱም በውጤት ተወዳድረሽ ነው፣ ስለዚህ ሶፍትዌር ብሎ የገባው ሁሉ ሶፍትዌር አይወጣም። እኛ ዶርም ከደብረ ታቦር የመጣ ልጅ ነበር፣ ሲቪል ሲል የሚውል ሲቪል ሲል የሚያድር፣ በነጥብ ምናምን አመለጠውና ሌላ ዲፓርትመንት ደረሰው፣ ሳምንቱን ሙሉ ካፌ አልወረደም፣ ዳቦ እየደበቅን ነበር የምናመጣለት። (አሁን ባልፈለገው ዲፓርትመንት ከሁላችንም የተሻለ ስራ ላይ ነው ያለው፣ ሰላም በለው።)

"እና?" አለች ሚጡ።

እናማ ቂሊንጦ የሚገቡት በሙሉ ያንን ለብቻው የሚሰጥ ፈተና ያለፉ ልጆች ናቸው፣ ክፍል ውስጥ ከጎንሽ የሚቀመጠውም ከኋላሽ የሚቀመጠውም የየትምህርት ቤቱ አንደኛ ነው፣ ለሶፍትዌር የምትሻሚው ከነሱ ጋር ነው። ፖሊም ጎበዝ ሞልቷል ግን እንደዛ ተበጥሮ የተሰበሰበ አይደለም። መውጫ ፈተናው ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም አንድ ነው፣ 50 ካላመጣሽ ዲግሪ የለም፣ ከየት ዩኒቨርሲቲ ነሽ ብሎ አያዝንልሽም። ይሄን ሁሉ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ ጻፍኩት። በጣም ኮርቼበት ነበር።

ለቂሊንጦም ፍትሃዊ ለመሆን ሞክሬያለሁ። ኢንተርንሺፕ ላይ አዲሳባ ያለ ልጅ ይበልጠናል፣ ድርጅቱ ሁሉ እዛ ነው፣ በታክሲ ሄደህ ወረቀትህን ትሰጣለህ፣ ከባህር ዳር ሆነህ ግን ዘመድ ቤት ማደሪያ ፈልገህ ነው። እኔ አራተኛ ዓመት ላይ የደረሰኝ ጢስ አባይ ነው፣ ፏፏቴው ጋ ያለው የመብራት ኃይል ጣቢያ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፣ ምክንያቱም የበለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ከጣና በዋሻ ውሃ እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት ከጀመረ ወዲህ ጢስ አባይ ያሉት ሁለቱ ጣቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ናቸው፣ አሮጌው በፈረንጅ 1964 የተሰራ ነው፣ 11 ሜጋ ዋት ምናምን። "የቆመ ማሽን ልትጠብቅ ነው?" አሉኝ። ግን የሚዞር ማሽን ማን ያስነካሃል? የቆመው ነው የሚከፈተው። አንድ ሽበታም ቴክኒሽያን ነበሩ፣ የተርባይኑን ቤሪንግ ፈታተው እጄን ወስደው አስዳሰሱኝ፣ "የተበላው የት ጋ ነው?" አሉኝ፣ በአይኔ ምንም አልታየኝም፣ "በአይንህ አይደለም፣ በጥፍርህ ሂድበት" አሉኝ፣ ጥፍሬ አንድ ቦታ ላይ ቀጨጭ አለ። ያቺን ቀጨጭ ሦስት ዓመት ቁጭ ብዬ ከወሰድኩት ኮርስ በላይ ነው የማስታውሳት። ከዛ መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ሁላችንንም ወደ ቤት ሰደደን፣ የኔ ቤት ደግሞ ያው ድልድዩን መሻገር ነው።

ሚጡ ይሄን ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለሰማችው ስልኳን ነበር የምትነካካው።

ስልክ ካልኩ አይቀር፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ እዚህ ሞባይል ዳታ ጠፍቶ ለወራት የቆየውንም ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፣ ኮድ የሚማር ልጅ ያኔ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል በር ላይ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ሲቀመጥ አይቻለሁ። መንገዱንም ጻፍኩ፣ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፣ አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ፣ ጊዜው ደግሞ እንደምታውቁት ነው፣ እማዬ ስለ መንገዱ ሲወራ ጓዳ ትገባለች። ለፖሊ ደግሞ አባዬ ደስ እንዲለው ማሪታይሙን ጨመርኩለት፣ መካኒካልና ኤሌክትሪካል የጨረሰ ተፈትኖ ካለፈ እዚሁ ባህር ዳር መርከበኛነት ሰልጥኖ ባህር ላይ ይወጣል፣ ባህር የሌላት ሀገር ጣና ዳር መርከበኛ ታስተምራለች ብሎ የሚስቅ አለ፣ እኔ አልስቅም፣ ደሞዛቸውን ሰምቻለሁ።

ደብተሩ ሞላ። ደመርኩ። ፖሊ አሸነፈ። አባዬ "ሀራሾ" አለ።

ሚጡ ደብተሩን ወደራሷ ሳብ አድርጋ አየችው አየችውና "ሶፍትዌር ማን ፈለገ አለህ?" አለችኝ።

"እና ምን ልትማሪ ነው?"

"ኬሚካል።"

ይሄን አልጠበቅኩም። በኛ ጊዜ ኬሚካልን አንደኛ ምርጫ አድርጎ የሚሞላ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ስለዚህ ያ ሁሉ የሽሚያ ስሌቴ፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶው፣ ገደል ገባ። ከየት መጣ ብዬ ስጠይቃት ከአያቴ ነው አለች። አያታችን አዴት ናት፣ አረቄ ታወጣለች፣ ሚጡ ክረምት ክረምት እዛ ነበር የምትውለው። ድፍድፉ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ አፉ በጭቃ ይመረጋል፣ በመቃው የሚመጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈው እቃ ላይ ሲደርስ ጠብ ጠብ ይላል። እኛ ሌሎቹ የልጅ ልጆች የጢሱን ነገር ሸሽተን ውጪ ኳስ ስንጫወት እሷ ውሃውን እየነካች "አያቴ ሞቋል ይቀየር" እያለች ትቀመጣለች። እና ዳግም አረቄ ለምንድነው የሚበረታው ብላ ጠይቃ አያቴ "ሁለቴ ስለወጣ ነዋ" አለቻት፣ መልሱ አላረካትም፣ 11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ ዲስቲሌሽን ሲመጣ ነው የገባት። እኔ ላዋቂነት "አዎ አልኮሉ 78 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ነው፣ ውሃው 100" ስላት "አዴት ላይ ውሃ 100 አይደርስም፣ ከፍታ አለ፣ ባህር ዳር ራሱ 1800 ሜትር ነው" ብላ አረመችኝ። አባዬ ካሊፐሩን ወደ መሳቢያው መለሳት።

እሺ ኬሚካልም ፖሊ አለ አይደል እንዴ፣ አልኳት። ተሸንፌ ዝም አልልም።

"አለ" አለች። ከዛ ዝም ብላ ቆየችና "አንተ እኮ ዩኒቨርሲቲ አልገባህም" አለችኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"ተመላላሽ ነበርክ።"

እማዬ ሳቀች፣ እኔ መጀመሪያ ተናደድኩ። ዶርም ነበረኝ እኮ! ግን ሚጡ ያኔ ገና ልጅ ሆና ሁሉንም አይታዋለች፤ ቅዳሜ ጠዋት የቆሸሸ ልብሴን በማዳበሪያ ይዤ በታክሲ አሮጌውን ድልድይ ስሻገር (ያኔ አዲሱ ድልድይ የለም፣ አሮጌው ላይ መኪና ሲጨናነቅ ጉማሬ እያየን ነበር የምንቆመው)፣ እማዬ ውሃ አሙቃ ስትጠብቀኝ፣ እሁድ ማታ ታጥቦ ተተኩሶ የተጣጠፈውን ከሽሮና ከድርቆሽ ጋር ተሸክሜ ስመለስ። አምስት ዓመት። ገንዘብ ሲያልቅብኝ ቤት፣ ግሬድ ሲበላሽብኝ ቤት፣ ከዶርም ልጅ ጋር ስጣላ ቤት። ያ የደብረ ታቦሩ ልጅ ዲፓርትመንት ሲያመልጠው የሚሄድበት ስለሌለ አልጋው ላይ ሳምንት ተኝቶ ተነሳ፣ እኔ አንድ ጊዜ ኤፍ ሳገኝ እማዬ ጭን ላይ አለቀስኩ፣ ለአስተማሪው ሄዶ ያናገረልኝ ደግሞ አባዬ ነው። ይሄን እዚህ ስጽፍ ራሱ እያፈርኩ ነው። ተመርቄ መጀመሪያ ስራ የወጣሁ ቀን ከአከራይ ጋር እንዴት እንደሚደራደሩ አላውቅም ነበር፣ 24 ዓመቴ ነበር።

"ያንተን ልብስ ማን ያሰጣ ነበር?" አለች ሚጡ። እሷ ነበረች። እማዬ ታጥባለች፣ ሚጡ ወንበር ላይ ቆማ ታሰጣለች። ደብተሩ ላይ ግን አንዲት መስመር እንኳን ስለዚህ አልጻፍኩም።

አባዬ ለሁለት ቀን ኩርፊያ ቢጤ ያዘው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ "ኬሚካል ድሮ ፖሊም ነበረ፣ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ነበር የሚባለው፣ ጎበዞች ነበሩ" አለ፣ እኛ ይሄን እንደ ፈቃድ ወሰድነው። እማዬ በሶ ማስፈጨት ጀመረች፣ ቆሎው፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ የአስር ሰው ስንቅ ነው ያዘጋጀችው፣ መንገዱን ፈርተን በአውሮፕላን ስለላክናት ግማሹ ለኪሎ ተብሎ እዚሁ ቀረ፣ እስካሁን እኔ ነኝ እየበላሁት ያለሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ደወለች። ድምጿ ይርቃል፣ ውሃ ይንሿሿል፣ ምንድነው ስንላት ልብስ እያጠብኩ ነው አለች፣ ውሃ ዛሬ ስለመጣ ሁሉም ሴት አንድ ላይ ወጥቷል፣ እስክሪብቶ ነጩ ሸሚዜ ላይ ፈሶብኝ እንዴት ነው የሚለቀው ብላ እማዬን ጠየቀቻት። እማዬ ስፒከር ላይ አርጋ በሎሚ በጨው እያለች ስታስረዳ አባዬ ስልኩን ቀማትና "ኬሚካሉን ገና አልጀመራችሁም?" አላት።

"አባዬ ፍሬሽ ነኝ እኮ" አለች፣ "ገና ኦሞ ላይ ነኝ።"