የተማሪ ዓይን ከመመርመራችሁ በፊት ቻርቱን በማስመሪያ ለኩት

በድሬዳዋ ገጠር ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ዓይን ስንመረምር አብዛኛው ሥራ ቀላል ነበር። የኢ ቻርቱን (የE ፊደል በየአቅጣጫው ዞሮ ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደረበትን ወረቀት) ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ በልጁ ዓይን ትይዩ መስቀል፣ 6 ሜትር ገመድ መዘርጋት፣ አንዱን ዓይን በመዳፍ ማስሸፈን (አይጫነው፤ የተጫነ ዓይን ሲከፈት ይደበዝዛል)፣ የፊደሉ እግሮች ወዴት እንደዞሩ በእጅ ማስጠቆም። ኦሮምኛ ተናጋሪውም ሶማልኛ ተናጋሪውም ያለ አስተርጓሚ ይፈተናል። ከ5 ፊደል 4ቱን የለየ መስመሩን አልፏል።

ያናደደኝ፣ ዛሬም የሚያናድደኝ፣ ቻርቱ ራሱ ነው። ከበላይ የተላከልን ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ማሽኑ በኤ4 ወረቀት ልክ ሲያወጣው አሳንሶታል። ልጁ እንዲያልፈው የሚጠበቀው የ6/12 መስመር ነው፤ ጤነኛ ዓይን ከ12 ሜትር የሚለየውን ፊደል ልጁ ከ6 ሜትር ይለያል ማለት ነው። በ6 ሜትር ርቀት የዚህ መስመር ፊደል ቁመቱ 17.5 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የእኛው 13 ሆኖ መጣ፤ ያ ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚለየው፣ የሚከብደው የ6/9 ፊደል ነው። ለሰሌዳ የሚበቃ እይታ ያላቸው ልጆች ወደቁ። የወደቀ ሁሉ በዕለቱ ሪፈር (ወደ ዓይን ሐኪም መላኪያ ወረቀት) እንዲጻፍለት ታዘን ስለነበር ተጻፈ። ከገጠር ቀበሌ ከዋሂል አባት ሥራ ፈትቶ፣ የመኪና ከፍሎ ልጁን ከተማ ያመጣል፤ «ልጅህ ምንም የለበትም» ተብሎ ይመለሳል። ወሬው መንደሩን ያዳርሳል። ከዚያ ወዲያ መነፅር የግድ የሚያስፈልጋት ልጅ ሪፈር ቢጻፍላት ማን ይዟት ይሄዳል? ብናመለክትም «የተላከላችሁን ተጠቀሙ» ተባልን።

ፊደሉ ካነሰ አዲስ ቻርት አትጠብቁ። ቁመቱን በሚሊሜትር ለ17.5 አካፍላችሁ በ6 አባዙት፤ የገመዱን ርዝመት ይሰጣችኋል። ለ13 ሚሊሜትር 4.5 ሜትር ገደማ ነው።

ሪፈርም የፈለገው ይዘዝ፣ በዕለቱ አትጻፉ። የወደቀውን በሌላ ቀን፣ ፀሐይ ሳትበረታ ድገሙት። እንዳያጨነቁር ተቆጣጠሩ፤ አጨንቁሮ ያየ ልጅ የማያልፈውን መስመር ያልፋል። ከዚያ መሃሉ በመርፌ በተበሳ ጥቁር ካርቶን አሳዩት፤ በቀዳዳው ከተሻለው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በመነፅር ይስተካከላል። ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር የሚታይበት ልጅ ግን ድጋሚም አይጠብቅ፣ ያኔውኑ ይሂድ።

ሪፈር ለጻፋችሁለት ልጅ ወላጅ፣ ከተማ ያለው ሐኪም ለምርመራ ዓይን ውስጥ ስለሚያስገባው ጠብታ አስቀድማችሁ ንገሩት። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ከገባ ልጁ እስከ ማግስቱ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ሊደበዝዝበት፣ ብርሃንም ሊከብደው ይችላል። ያልተነገረው አባት «ዓይኑን አጠፉብኝ» ብሎ መነፅሩን ሳይወስድ ይመለሳል። ለመልስ መንገዱም ኮፍያ ያዙለት፤ የድሬ ፀሐይ በሰፋ ብሌን አይቻልም።