«ተርቦው ሞቷል» ሲሏችሁ ወዲያው አትመኑ

የናፍጣ መኪናዬ ዳገት ላይ ድንገት ጉልበት ያጣ ነበር። ነዳጅ ብረግጥም ወይ ፍንክች። አጥፍቼ ሳስነሳው ግን ምንም እንዳልነበረ ይሄዳል፣ እስከሚቀጥለው ዳገት። ይሄ ምልክት ብቻውን ብዙ ይናገራል። የተሰበረ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል) አጥፍቶ በማስነሳት አይድንም። የመኪናው ኮምፒውተር የማይጥመው ነገር አይቶ ኃይል ሲቀንስ ነው እንዲህ የሚሆነው።

የአየርና የነዳጅ ፊልትሮ ቀየርኩ። ለውጥ የለም። የምርመራ ማሽን ሲሰካበት ፒ0299 የሚል የብልሽት ኮድ ወጣ።

እስካሁን የሚያናድደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት «ተርቦው ሄዷል፣ ይቀየር» አለኝ። «የተርቦው የውስጥ ዘንግ ሲነካ ይወዛወዛል ወይ? አይተኸዋል?» ብለው «ወንድሜ፣ ማሽን አይዋሽም» አለ። ማሽኑማ አልዋሸም! ኮዱ የሚለው እኮ የተርቦው የአየር ግፊት ከተፈለገው በታች ነው ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አይናገርም። የተሰነጠቀ የኢንተርኩለር (ከተርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ቱቦም፣ የደከመ ሴንሰርም፣ ክፍት የቀረ ኢጂአርም (ጭስን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቫልቭ) ያንኑ ኮድ ሊያወጡ ይችላሉ። መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

የኔ ተርቦ በውስጡ የሚንቀሳቀሱ ክንፎች ያሉት ዓይነት ነው። ክንፎቹን የሚያዛቸው ከጎኑ ያለች ቀጭን ዘንግ ናት፣ እሷን ደግሞ ቫኪዩም (አየር ሲመጠጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል) ይስባታል። ሞተሩ ሲነሳ መሳብ፣ ሲጠፋ መመለስ አለባት። አንድ ሰው እንዲያስነሳልኝ አድርጌ ሳያት ንቅንቅ አልል አለች። ቱቦዋን ነቅዬ በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ስስባት ግን እስከ መጨረሻው ሄደች፣ ቫኪዩሙንም ሳትለቅ ያዘች። እንግዲህ ክንፎቹ በጥላሸት አልተጣበቁም፣ ዘንጓን የሚስበው ክፍል ውስጥ ያለው ሽፋንም አልተቀደደም። ቫኪዩሙ ነው የማይደርሳት። ቱቦውን በጣቴ እየዳሰስኩ ወደ ኋላ ስከተለው ከሞተሩ ጀርባ ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተሰንጥቋል። ቁራጭ ጎማ፣ በቃ! በዚች ምክንያት ሙሉ ተርቦ ሊያስገዛኝ ነበር።

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ ሲበራ ወደ አገልግሎት ማዕከል ውሰዱ ይላል። እኔ መጀመሪያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ክፈቱና ቱቦዎቹን ዳስሱ ነው የምለው። የተርቦ ማጽጃ የሚባለውንም ዘንጓን ሳትፈትኑ አትግዙ። ጥቁር ጭስ ካለና ስትረግጡ «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወፍራሞቹን የአየር ቱቦዎች እዩ፤ ዘይት ያረጠበው መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ የሚያፈስበትን ቦታ ይጠቁማል። ዘንጓን የሚያንቀሳቅሳት በቫኪዩም ፈንታ ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን የእጅ ፓምፑ አይረዳችሁም፣ በምርመራ ማሽን እንድትንቀሳቀስ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ሰማያዊ ጭስና እንደ ሳይረን የሚጮህ ድምፅ ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ አትንዱት። የተበላሸ ተርቦ ዘይት ወደ ሞተሩ ከለቀቀ ናፍጣ ሞተር ያንኑ ዘይት እያቃጠለ፣ ቁልፍ ቢዘጋም ሳይጠፋ እየጮኸ ራሱን ሊያወድም ይችላል።