1,250 ብር እንዴት 1 ብር ሆነ

አክስቴ ሱቅ አላት። ደንበኛው ሁሉ በስልክ መክፈል ስለጀመረ፣ መሸጡም ሜሴጅ ማየቱም አልሆንላት አለ። «አንተ ልጅ፣ ኮምፒዩተር ተማርኩ የምትለው ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው?» አለችኝ። የክፍያ ሜሴጅ ሲገባ ራሱ አንብቦ የቀኑን ሽያጭ የሚደምር የአንድሮይድ አፕ ልሠራላት ተነሳሁ። ስልኳ አይፎን ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚሁ ያበቃ ነበር። አፕል የሰው ሜሴጅ ሳጥን ውስጥ አያስገባም።

እሑድ ጫንኩላት። ማታ ደወለች። «ዘይቱን በ1 ብር ሸጠሻል ይለኛል ይሄ ነገርህ!» ሜሴጁ «1,250.00» ይላል። የኔ ኮድ ኮማዋ ላይ ሲደርስ ቆሟል።

እሱስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ሦስት ቀን የፈጀብኝ ሌላው ነው። በእንግሊዝኛ የመጣው ክፍያ ይመዘገባል፣ በአማርኛ የመጣው ድራሹ ይጠፋል። ለካ አንድ ሜሴጅ በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ሲይዝ፣ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ በ67 በ67 ፊደል ተቆራርጦ ይላካል። ለእኛ ስልኩ ገጣጥሞ ያሳየናል፤ አፑ ጋ የሚደርሰው ግን ቁርጥራጩ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ እያነበብኩ «ውድ ደንበኛችን» ላይ ቀርቻለሁ፤ ብሩ ያለው ሁለተኛው ላይ። ቁርጥራጮቹን በተራ ቀጥዬ ማንበብ ስጀምር ዳነ። ስሞክረው የነበረው አጫጭር የእንግሊዝኛ ሜሴጅ እየላክሁ ነበር፣ አበሻው እኔ!

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ሊቀልድ የክፍያ ሜሴጅ ኮፒ አድርጎ ከራሱ ስልክ ላከላት። አፑ ዓይኑን ሳያሽ 5,000 ብር ደመረ። ጽሑፉን እንጂ ላኪውን አላይም ነበር። አሁን ላኪውን ያያል፤ የክፍያ ቁጥሩ ከተደገመም ይጥለዋል። የላኪ ስምም ስለሚጭበረበር፣ ገንዘቡ ከበድ ሲል አክስቴ ሂሳቧን ራሷ ከፍታ ታያለች።

ፕሌይ ስቶር ላይ ላወጣው አስቤ ተውኩት። ጎግል ሜሴጅ ማንበብን ለጥቂት ዓይነት አፖች ብቻ ነው የሚፈቅደው። አናዶኝ ነበር፤ ግን የባንክ ሚስጥር ኮድም የሚገባው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ የኔውም ከክፍያ ሜሴጅ በቀር ምንም አያስቀምጥም፣ ኢንተርኔትም አይነካም።

አክስቴ ደብተሯን አልተወችም። ማታ ማታ ከአፑ ጋር ታስተያያለች። ባለፈው ሳምንት በ40 ብር ተለያዩ። የተሳሳተው ደብተሩ ነበር፤ እሷ ግን እስካሁን አላመነችም።