ሽማግሌ ያልመለሳት እናት

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬ ላይ ያወረድኩትን ጥንታዊ የዴሜተር መዝሙር ሳነብ አመሸሁ። ዴሜተር የግሪኮች የእህል አምላክ ናት። ስሟን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ነዶ ታቅፋ የምትሳል፣ ገራገር ሴትዮ ትመስለኝ ነበር። ለካ አላውቃትም።

ነገሩ ጠለፋ ነው። ሌላ ስም የለውም። ልጇ ፐርሰፎኒ ሜዳ ላይ ከጓደኞቿ ጋር አበባ ስትለቅም ምድር ተሰነጠቀ። የሙታን ንጉሥ ሐዴስ በሠረገላ ወጥቶ እየጮኸች ወሰዳት። የሚያበሽቀው፣ አባቷ የአማልክቱ ንጉሥ ዜውስ አስቀድሞ ፈቅዶለታል። ሐዴስ ደግሞ የገዛ አጎቷ ነው። እናትየዋን የጠየቃት የለም።

ዴሜተር ዘጠኝ ቀን ችቦ ይዛ ፈለገች። እህል ውሃ አልቀመሰችም። እውነቱን የነገራት ሁሉን ከላይ የሚያየው ፀሐይ፣ ሄልዮስ ነው። ነግሯት ግን አላበቃም። ሐዴስ እኮ የሚናቅ አማች አይደለም፣ ወንድምሽ ነው፣ ከዓለሙም ሲሶው ድርሻው ነው እያለ ያባብላት ጀመር። እዚህ ላይ ስልኩን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። ይህቺን ንግግር አውቃታለሁ። "መሬት አለው፣ ከብት አለው፣ ምን ይጎድልባታል?"

ከዚያ አሮጊት መስላ ኤሌውሲስ ገባች። ከአቴንስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጉድጓድ ውሃ ዳር ተቀምጣ ያገኟት ልጃገረዶች ቤታቸው ወሰዷት። ዓይኗን ሸፍና ዝም አለች። ያሳቀቻት የቤቱ አገልጋይ ኢያምቤ ናት፣ በቀልድ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለች ሴት አትጠፋም፣ እግዜር ይስጣት። ወይን ሲያቀርቡላት እምቢ ብላ፣ የገብስ ዱቄት በውሃ በጥብጡልኝ፣ ናና መሰል ቅጠልም ጨምሩበት አለች። በሶ በሉት።

ኋላ ማንነቷን ገልጣ፣ ያሠሩላት ቤተ መቅደስ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። በዛሬ ቋንቋ ሥራ የማቆም አድማ መታች። በሬው በከንቱ አረሰ፣ ዘሩ መሬት ውስጥ ቀረ። ሰው ሊያልቅ ነው፣ ለአማልክቱም መሥዋዕት የሚያቀርብ ሊጠፋ ነው። ዜውስ ይሄኔ ሽማግሌ መላክ ጀመረ። መጀመሪያ መልእክተኛዋን ኢሪስን፣ ቀጥሎ አማልክቱን ሁሉ ተራ በተራ፣ ስጦታ እያስያዘ። ልጄን በዓይኔ ሳላይ አንድም ነገር አይበቅልም አለች። አለቀ። ካሳ የለ፣ እርቅ የለ።

ልጅቷን የአማልክቱ መልእክተኛ ሄርሜስ ሄዶ አመጣት። ግን ሐዴስ የሮማን ፍሬ አጉርሷት ስለነበር፣ እዚያ የቀመሰ ደግሞ መመለሱ ስለማይቀር፣ የዓመቱን ሲሶ እዚያው ከታች ትኖራለች።

ይህ መዝሙር የደረሰን በአንድ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እሱም በ1777 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ነው የተገኘው። በአንዲት ክር ተንጠልጥሎ ማለት ነው።

አያቴ የተጠለፈችው ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነው። ስንት ሰው እንደመጣ፣ በቅሎዋ ምን ዓይነት እንደነበረች፣ ካሳው ስንት እንደሆነ ሲወራ ነው ያደግሁት። የእናቷን ነገር ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ጋ ደወልኩ። "ያኔ እናቷ ምን አለች?"

ዝም አለች። የጠፋች መስሎኝ "ሄሎ" አልኩ።

"ገብስ እያመሰች ነው አሉ የነገሯት" አለችኝ። "እጇን አነሳች። ገብሱ እዚያው ምጣዱ ላይ አረረ።"