ድምፁ የቀጠነው ቫኪዩም

ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ፣ በአንድ ግቢ ጓሮ ቆርቆሮ ተጥሎባት የተሠራች የእንጨት ሥራ ቤት አለች። የሚሠሩባት ባለሙያውና ረዳቱ ብቻ ናቸው። የዚያን ዕለት የኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ሙጫ የተጨመቀ ጣውላ) ቁም ሳጥን በር በሳንደር፣ በማለስለሻው ማሽን፣ እየተለሰለሰ ነበር፤ ሳንደሩ ላይ የተገጠመው ደግሞ «2000 ዋት» ተብሎ የተገዛ የምንጣፍ ቫኪዩም ነው።

«ጋሼ፣ ድምፁ ቀጠነ እኮ» አለ ረዳቱ።

«ጉልበት ሲያገኝ ነው፤ ቀጥል።»

አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተ፣ ቀጥሎ ጭስ ወጣ። ሞተሩ አለቀለት።

ረዳቱ የሰማው ትክክለኛውን ምልክት ነበር። የቫኪዩም ድምፅ የሚቀጥነው አየር ሲያጣ ነው፦ ማራገቢያው የሚገፋው አየር ሲያንስ ሸክሙ ይቀልለታል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይፈጥናል። አብዛኛው የቤት ቫኪዩም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በዚያው በሚስበው አየር ስለሆነ፣ ፊልተሩ ሲታፈን ማቀዝቀዣውም አብሮ ይቆማል። ከረጢቱ ሲከፈት ሩቡ እንኳ አልሞላም ነበር። ኤምዲኤፍ ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝ ከጤፍ ዱቄት ይደቅቃል፤ ጥቂቱ ብቻ የጨርቁን ቀዳዳ ለመድፈን ይበቃዋል። ስለዚህ «ገና አልሞላም» ማለት ለሥራ ቤት አይሠራም።

በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ዋቱን ይርሳው። ዋት የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው እንጂ የሚስበው አየር አይደለም። መፈለግ ያለበት በርሜል መሳይ፣ ደረቅም ውኃም የሚስበው ዓይነት ነው፤ ውኃ በሞተር ውስጥ ማለፍ ስለማይችል የሞተሩ ማቀዝቀዣ አየር በሌላ መንገድ ይገባል። 1200 ዋትና 20 ሊትር ለአንድ ሰው ሥራ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ በሴኮንድ 50 ሊትር አየርና 20 ኪሎፓስካል ገደማ የመሳብ ኃይል ካለ ጥሩ ነው። ባሕር ዳር ግን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከተጻፈው የመሳብ ኃይል አንድ አምስተኛ የሚጠጋው እዚህ አይገኝም። ለዚህ ነው ዝቅተኛውን ቁጥር መግዛት የማያዋጣው።

ፊልተሩ የታጠፈ፣ የሚታጠብ፣ ለብቻውም ገበያ ላይ የሚገኝ ይሁን። ሁለት መያዝ ግድ ነው፤ የታጠበው አንድ ሙሉ ቀን ይደርቃል፣ በክረምት ከዚያም በላይ። እርጥብ ፊልተር ላይ ብናኝ ካረፈ ጭቃ ይሆናል። ይህ ጉዳይ የማሽን ብቻም አይደለም፦ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ቫኪዩሙ ከኋላው ዱቄት የሚተፋ ከሆነ፣ በዓይን የማይታየውን ሳንባ ውስጥ እየከተተ ነው። ጭምብሉም ቢሆን አይቅር።

ከሁሉ የሚያዋጣው በሳንደሩና በቫኪዩሙ መካከል የሚቀመጥ፣ ክዳን ያለው የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ነው። ክዳኑ ላይ ሁለት የ50 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበጃል። ከሳንደር የሚመጣው ቱቦ ጠርዝ ላይ ይገባል፤ ከውስጥ ጎሚቶ (የታጠፈ መጋጠሚያ) ተገጥሞለት የባልዲውን ግድግዳ ተከትሎ እንዲነፍስ ይደረጋል። ወደ ቫኪዩም የሚሄደው መሐል ላይ፣ ቀጥ ብሎ አጭር ይሁን። አየሩ ሲሽከረከር ሰጋቱራው ወደ ታች ይወርዳል፣ ፊልተሩ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ይሆናል። መጋጠሚያው በሲሊኮን ካልታሸገ ግን አይሠራም። ግማሹ ሲሞላ ይደፋ። ቱቦው ድንገት ሲዘጋ ስስ ባልዲ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፤ ሁለት ባልዲ አንዱን አንዱ ውስጥ መክተት ያጠነክረዋል። የግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) የእሳት ፍንጣሪ በዚህ ቱቦ ፈጽሞ አይሳብ፤ ሰጋቱራ ውስጥ ለሰዓታት ታምቆ ቆይቶ ሊነድ ይችላል።

ኤሌክትሪኩም ይሰላ። 1200 ዋቱ ቫኪዩም ከ1800 ዋት መጋዝ ጋር በ220 ቮልት ወደ 14 አምፔር ይወስዳል፤ 10 አምፔር ብሬከር አይችለውም። የኤክስቴንሽኑ ሽቦ ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሆኖ ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ይፈታ።

የተቃጠለው ቫኪዩም ቱቦ አልተጣለም። ቀጭንና ረጅም ቱቦ አየር ስለሚያንቅ አንድ ሜትር ተደርጎ ተቆረጠ፤ አሁን ባልዲውን ከአዲሱ ማሽን ጋር ያገናኘዋል።