የዘጠኝ ሄርዝ ነገር

እዚህ አሜሪካ የዕቃ መላኪያ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ፎርም ሰጡኝ። «ኢሲሲኤን» የሚል ባዶ ቦታ አለው። ካርቶኑ ላይ የታሪፍ ቁጥር አየሁና እሱን ገልብጬ ቁጭ። ቁጥር ቁጥር ነው ብዬ! ዕቃው ተመልሶ መጣ፣ እኔም የእጄን አገኘሁ።

ሁለቱ አይገናኙም ለካ። የታሪፍ ቁጥሩ ለቀረጥ ነው። ኢሲሲኤን ግን ለሲቪልም ለጦርም ሊውሉ የሚችሉ ነገሮችን የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር የሚመድብበት ኮድ ነው። የካሜራዎች ኮድ የሆነውን 6ኤ003ን እንይ። 6 ሴንሰርና ሌዘር ማለት ነው፣ ኤ ደግሞ ዕቃው ራሱ። በኤ ፈንታ ዲ ከሆነ ሶፍትዌር፣ ኢ ከሆነ ቴክኖሎጂ። ዝርዝሩ ውስጥ በስሙ የማይገኘው አብዛኛው ዕቃ ኢኤአር99 ይባላል፤ እሱንም ቢሆን ማን እንደሚቀበለውና የት እንደሚደርስ ሳያዩ አይልኩትም።

ነገሩ በደንብ የገባኝ በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ኤሌክትሪሻን ነው። ፓነል ውስጥ የትኛው ብሬከር እንደሚግል የሚያሳይ የሙቀት ካሜራ ስትመጣ ያዝልኝ አለኝ። በሻንጣ መያዝም ኤክስፖርት ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። ሁለት ካሜራ አወዳደርኩ፤ መልካቸው አንድ፣ ሌንሳቸው አንድ፣ ግን የአንዱ ስፔሲፊኬሽን ላይ 9 ሄርዝ (በሴኮንድ 9 ምስል ማለት ነው) ይላል፣ የሌላው ላይ 30 ሄርዝ። በቃ፣ ልዩነቱ ይቺው ናት። እንዲህ ዓይነቱ ካሜራ በሴኮንድ ከ9 ምስል የማይበልጥ ከሆነ ከ6ኤ003 ወጥቶ ቁጥጥሩ ወደሚቀልለው 6ኤ993 ይወርዳል፤ ምስሉ ስለሚንቀረፈፍ የሚሮጥ ነገር ለመከታተል አይመችማ። አምራቾቹም ይሄን ስለሚያውቁ ሆን ብለው የሚያዘገዩት ሞዴል አላቸው። ስለዚህ ዕቃ ስትመድቡ ሥራውን ወይም ዋጋውን አትዩ፣ ስፔሲፊኬሽኑን አንብቡ።

ከዕቃው ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን መረጃው ነው። ካርቶን ይታያል፣ ይመዘናል። የዲዛይን ሥዕል ግን በኢሜይል አባሪ ሆኖ ሹልክ ይላል። ይባስ ብሎ ከአሜሪካ ሳይወጣም «ተልኳል» ሊባል ይችላል። ቁጥጥር ያለበትን ሥዕል በሥራ ቪዛ ላለ የውጭ ዜጋ ባልደረባችሁ ስክሪን ላይ ካሳያችሁት፣ ሕጉ ወደ አገሩ እንደላካችሁት ይቆጥረዋል። ግሪን ካርድ ከያዘ ግን ችግር የለውም። እኛ አበሾች ግሪን ካርድ ስንል የሚታየን ትኬት ቆርጦ አገር ቤት ደርሶ መምጣት ነው፤ እዚህ ቢሮ ውስጥ ግን አንድን ፋይል ማን ይክፈት የሚለውንም ይወስናል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የቴነሲ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆን ሪስ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2009 አራት ዓመት ተፈርዶበታል። የወታደራዊ ድሮን ምርምር መረጃን የቻይናና የኢራን ዜጋ ለሆኑ ተማሪዎቹ ክፍት አድርጎ ነበር፣ ላፕቶፑንም ይዞ ቻይና ሄዷል።

የእሱ ጉዳይ እንዲያውም በሌላኛው መዝገብ ነው፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በሚይዘው የጦር ዕቃ ዝርዝር። ዕቃ ሲመደብ መጀመሪያ የሚታየውም ይሄ ዝርዝር ነው። ዕቃው እዚያ ውስጥ ከተገኘ ኢሲሲኤን ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2021 በዚያ ደንብ ለጦር ኃይላቸውና ለጸጥታ ተቋሞቻቸው የጦር ዕቃ ፈቃድ በመርህ ከሚነፈጋቸው አገሮች ተርታ ገባች። የጦር ዕቃ እንጂ የብሬከር ካሜራ አይደለም፣ አትደንግጡ።

ባለ 9 ሄርዙን ወስጄ ሰጠሁት። በሳምንቱ ደወለ።

«ምስሉ ይንቀረፈፋል እኮ፣ ተበላሽቶ ነው እንዴ?»

ብሬከሩ የት ይሮጥብሃል አልኩት።