የሻገተው እንጀራ ሚዛን ላይ ሲወጣ

ሐሙስ ማታ ሞሰቡን ስከፍት ከታች ያሉት ስድስት እንጀራዎች ሻግተዋል። ቅዳሜ የተጋገሩ ናቸው። በሐዋሳ ሙቀት አምስት ቀን ለእንጀራ ብዙ ነው። ጠቅልዬ ቆሻሻው ማዳበሪያ ውስጥ ስከታቸው እማዬ አየችኝ። "ውይ ልጄ፣ የእግዜር እህል እኮ ነው" አለችና ዝም አለች። ያ ዝምታዋ እንቅልፍ ነሳኝ።

ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ማዳበሪያውን ከደጃፌ ካነሱልኝ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ገና መጀመሩ ነው። ምግብ ቆሻሻ ክምር ውስጥ ሲቀበር አየር ያጣል። አየር በሌለበት የሚያበሰብሱት ተህዋስያን ደግሞ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ሚቴን ሙቀት በማፈን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ ይበረታል፤ በ100 ዓመት ሲሰላ 28 እጥፍ ያህል፣ በ20 ዓመት ሲሰላ ደግሞ ከ80 እጥፍ በላይ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የወጣው እንደ እኔ ቤት ካሉ ቤቶች ነው። ሆቴሎችና የድግስ አዳራሾች ይመስሉኝ ነበር።

ጤፉ የታረሰበት፣ የታረመበት፣ የተወቃበት፣ በመኪና የተጫነበት፣ የተፈጨበትና ምጣድ ላይ መብራት የበላበት ሁሉ አብሮ ይጣላል። ስድስቱን እንጀራ ሳስብ ይህ ሁሉ ፊቴ ድቅን አለ።

ስለዚህ መመዘን ጀመርኩ። አንድ ትንሽ ሚዛንና የልጄን አሮጌ ደብተር ማድቤት አስቀመጥኩ። የሚጣለውን በሁለት ባልዲ ለየሁት። አንዱ ለልጣጭና ለቡና አተላ፣ ሌላው መበላት ሲችል ለተበላሸው። አምስት ሰው ነን። በአራት ሳምንት ሁለተኛው ባልዲ 9 ኪሎ ሞላ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንጀራ ነው። ቀጥሎ ወጥ፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት። ከዚያ ሁላችንም የረሳነው አቮካዶ።

መጀመሪያ ያስተካከልኩት ሊጡን ነው። በሳምንት አንዴ ብዙ መጋገሩን ትቼ ማክሰኞና ቅዳሜ ግማሽ ግማሽ አደረግሁት። ምጣዱን ሁለቴ ማሞቅ ወጪ አለው፤ አልክድም። ግን የሚጣል እንጀራ ከዚያ የባሰ ወጪ ነው።

ወጡ ላይ ያስቸገረኝ ግን መጠኑ ሳይሆን እንግዳ ነው። "ሰው ቢመጣስ?" እያልኩ ሁልጊዜ ለሁለት ሰው የሚሆን ጨምሬ እሠራለሁ። ባዶ ድስት ይዞ እንግዳ መቀበል ያሳፍራላ! መፍትሔውን ያመጣችው እማዬ ናት። ከተጋገረ ሦስተኛ ቀን የሆነውን እንጀራ ሳይሻግት ቆራርሳ ሰፌድ ላይ ፀሐይ ታሰጣዋለች። ኮሽ ኮሽ ሲል ቆርቆሮ ውስጥ ትከተዋለች። አሁን ድንገት ሰው ሲመጣ ሽሮ ቶሎ ይንተከተካል፣ ወይ የድርቆሽ ፍርፍር በቃሪያ ይቀርባል። እስካሁን ማንም ቅር ሲለው አላየሁም። ድርቆሽ የመንገድ ስንቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ልጣጩን ደግሞ ጓሮ፣ ፓፓያው ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ ብስባሽ ላደርገው ተነሳሁ። እዚህ ላይ በጣም ተሳሳትኩ። የተረፈ ወጥ ከነዘይቱ ገለበጥኩበት። ዝናብ እንዳይገባ ብዬ በላስቲክ ጥርቅም አድርጌ ሸፈንኩት። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። "የኔ ልጅ፣ ምን ሞቶባችሁ ነው?" አሉኝ። ላስቲኩን ሳነሳ ያ ሁሉ ልጣጭ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ ዝንቡም አይጣል ነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። አየር ነስቼው የቆሻሻ ክምሩን እዚሁ ጓሮዬ ሠርቼዋለሁ። ሚቴን ራሱ ሽታ የለውም፤ የሚከረፋው አብሮት የሚወጣው ነው።

እማማን ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ጀመርኩ። ወጥ፣ ዘይትና ሥጋ አላስገባም። በአንድ ባልዲ ልጣጭ ላይ ሁለት ባልዲ ደረቅ ቅጠል እጨምራለሁ። በየሳምንቱ በአካፋ አገላብጠዋለሁ። እፍኝ ሙሉ ጨብጬ ስጨምቀው ውኃ ከተንጠባጠበ ቅጠል ያንሰዋል ማለት ነው። በአራተኛው ወር ዝናብ የመታው አፈር የሚሸት ጥቁር ብስባሽ ወጣልኝ። ጎመኑ ሥር አደረግሁት።

ሌላም ያቆምኩት ነገር አለ። ድሮ የተበላሸ ወጥ ቦዩ ውስጥ እደፋ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ያ ቦይ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ነው የሚወርደው። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቃችን ይገባል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው እዚያው ይቀራል። የሚበሰብስ ምግብ የውኃውን ኦክስጅን ይሻማል፣ አልጌም ያበዛል። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የምንበላ ሰዎች ይህን ልናስብበት ይገባል። እዚያ እንኳ የዓሣው አንጀት አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ጥርግ አድርጎ ስለሚበላው አይባክንም።

በሦስተኛው ወር ሁለተኛው ባልዲ ከ9 ኪሎ ወደ 3 ኪሎ ወረደ። በፋሲካ ሳምንት ግን እንደገና አሻቅቧል። ዶሮው፣ ዳቦው፣ "በሞቴ ጨምሪ" የሚለው ሁሉ ተደምሮ።

አሁን ያልፈታሁት የትንሹ ልጄን ምሳ ዕቃ ነው። በየማታው ግማሹ እንዳለ ይመለሳል። ጨው በዝቶበት ነው ብዬ ቀነስኩ፣ ዳቦ ሞከርኩ፣ ፓስታ ሞከርኩ። ትናንት አጠገቤ አስቀምጬ ጠየቅሁት። "እማ፣ ደወሉ ቶሎ ይደወላል እኮ" አለኝ። ለሰኞ በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ ነገር እያሰብኩለት ነው።